አበባው ሰበብ ነው

ጃፓን ለምንማር አበሾች በመጋቢት መጨረሻ ከአገር ቤት የሚላክልን ጥያቄ አንድ ነው፤ «አበባውን አያችሁት?» አዎ፣ አየነው። ግን እውነቱን እንነጋገርና፣ ሃናሚ ስሙ «አበባ ማየት» ይሁን እንጂ ቀና ብሎ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው።

እርግጥ ወጉ ይከበራል። የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ ለናሙና በመረጠው ዛፍ ላይ አምስት ስድስት አበባ ሲፈነዳ «ሳኩራ አበበ» ተብሎ ይታወጃል። (አበባ የሚቆጥር የመንግሥት ሠራተኛ! ደመወዙን ይባርክለት።) በየከተማው የበዛው ሶሜይ ዮሺኖ የሚባለው ዝርያ ከአንድ ዛፍ እየተቀጠለ የተባዛ ስለሆነ አብሮ ይፈነዳል፣ በሁለት ሳምንት ገደማ አብሮ ይረግፋል። ስለዚህ ቶኪዮ ባንድ ጊዜ ግልብጥ ብላ ትወጣለች። ኡኤኖ መናፈሻ ከዛፎቹ ሥር ሰማያዊ ሸራ ይነጠፋል፣ ጫማ ዳር ዳሩን ይደረደራል። ቦታ እንዲይዝ በጠዋት የተላከው አዲስ ተቀጣሪ ደግሞ ብርድ እየጠበሰው አለቆቹን ይጠብቃል።

ለውጭ ተማሪ ትልቁ ነገር ጊዜው ነው። ትምህርት የሚጀምረው ኤፕሪል ላይ ስለሆነ፣ ማንንም ሳናውቅ በደረስንበት ሰሞን «ኑ፣ ሸራው ላይ ተቀመጡ» እንባላለን። ኮሪደር ላይ ወገባችንን ሰብረን እጅ የምንነሳቸው ፕሮፌሰር በካልሲ ተቀምጠው ይቀዱልናል። ለጎረቤት እንጂ ለራስ አይቀዳም። በጉርሻ ላደግን ለእኛ ይሄ ማብራሪያ አያሻውም።

ሰኞ ዕለት ፕሮፌሰሩ እንደገና ፕሮፌሰር ናቸው። አንዳንድ ጓደኞቻችን በዚህ ይከፋሉ፤ «የአንድ ቀን ፍቅር» ይሉታል። እኛ አንስማማም። ቀን ተቆርጦለት የሚመጣ የአንድ ቀን መቀራረብ፣ «እንገናኛለን» ተባብሎ ዓመት ከመጠፋፋት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ሳቢያ ሸራ መዘርጋት ሲከለከል አበባው እንደወትሮው ፈክቶ ነበር፤ የጠፋው በዓሉ ነው።

የምንቀናውም በዛፉ አይደለም። ሾጉኑ ቶኩጋዋ ዮሺሙኔ በ1720ዎቹ አሱካያማ ላይ ሳኩራ ያስተከለው ተራው ሕዝብ እንዲዝናናበት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ሣር ሲገኝ «መቀመጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ አጠገቡ አይጠፋም፤ ከጓደኛ ጋር ለመቀመጥ የማኪያቶ ሒሳብ ያስፈልጋል። አደይ አበባንም እስሩን ገዝተን ቤት እናስገባዋለን እንጂ ያለበት ድረስ ሄደን አብረነው አንውልም።

አገር ቤት ያላችሁ፣ መጪው መስከረም እስቲ እንጦጦ ላይ ሞክሩት። ሸራው ከመርካቶ፣ ድፎው ከቤት። በጠዋት ሄዶ ቦታ የሚይዘው ከመካከላችሁ ትንሹ ነው።