ሞተሬ ዘይት ታንጠባጥባለች፤ ጓደኛዬ «አጥበህ ሽጣት» ይለኛል

የዛሬው ደብዳቤ የፍቅር ጉዳይ አይደለም። ጸሐፊውን ግን ከፍቅር ባልተናነሰ እንቅልፍ ነስቶታል። ወጣቱ የሚኖረው ሐዋሳ ነው። በሞተር ሳይክል ዕቃና ምግብ እያደረሰ እናቱን ይረዳል። ባለ 150 ሲሲ ሞተሩን «ጉልበት ልጨምርላት» ብሎ ከጓደኛው ጋር ግቢ ውስጥ ፈታት። ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት አስፍቶ ትልቅ ፒስተን ከተተ። የአየር ማጣሪያውን ሣጥን አውጥቶ ክፍት ማጣሪያ ገጠመ። የድሮውን ጋርኒሲዮን ደግሞ በሲሊከን ለቅልቆ መልሶ ዘጋው።

«መጀመሪያ ቀን እንደ ጥይት ተወነጨፈች» ይላል። «በሦስተኛው ቀን ግን ሥሯ ዘይት አየሁ። ሁለቴ ፈትቼ ሲሊከን ጨመርኩላት፣ ጭራሽ ባሰባት። ጓደኛዬ ‹አጥበህ ሽጣት፣ የገዛ ይወቅባት› ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ መንዳትህን አቁም። የሚወጣውን ዘይት ነፋሱ ወደ ኋላ ነው የሚገፋው። ጎማ ላይ ካረፈ ኩርባ ላይ ያንሸራትትሃል፤ ፍሬን ላይ ካረፈ ፍሬኑ አይዝልህም። የጋለ ማርሚታ ላይ ሲንጠባጠብ ይጨሳል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ዘይቱ ካለቀ ደግሞ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባል የለ? አንተ ሥሩን ሳታገኝ ነው ሁለቴ የለቀለቅከው። ሞተሯ ስትቀዘቅዝ በነጭ ጋዝና በብሩሽ እጠባት፣ ከዚያ በሳሙና ውኃ አጥበህ በደንብ አድርቃት። የተጠራጠርክበት ቦታ ሁሉ ላይ የሕፃን ፓውደር ነስንስ። በቆመችበት ለ10 ደቂቃ ያህል አስነሳና ፓውደሩ መጀመሪያ የት ላይ እንደሚጠቁር በባትሪ ተመልከት። ዘይት ወደ ታችና ወደ ኋላ ስለሚወርድ መሬት ላይ ያየኸው ጠብታ ምንጩን አይነግርህም። ከረጠቡት ቦታዎች ሁሉ ላይኛውንና የፊተኛውን ነው የምትፈልገው። የዘይቱን ልክም አብረህ እይ፤ ከልክ በላይ የተሞላ ዘይትም መውጫ ይፈልጋል።

ደብዳቤህን ይዤ ሰፈራችን ያለ የሞተር ሳይክል መካኒክ ዘንድ ሄጄ ነበር። አንብቦ ሲጨርስ ስለ ጋርኒሲዮኑ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ከማጣሪያው ሣጥን ጋር ተያይዛ የነበረችውን ቱቦ ምን አደረጋት?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ይተነፍሳል። ፒስተኑ ወጣ ወረድ ሲል ጥቂት ጋዝ በፋሻው አልፎ ወደ ካርተሩ ይገባል። ያ ጋዝ የሚወጣው በመተንፈሻው ቱቦ በኩል ወደ ማጣሪያው ሣጥን ነው። ሣጥኑን የሚያወጡ ልጆች ብዙ ጊዜ ቱቦውን ቡሎን ይወትፉበታል፣ ወይም አጥፈው ያስሩታል። የታፈነው ግፊት ታዲያ ደካማ በር ይፈልጋል፤ ዘይቱንም እየገፋ በጋርኒሲዮን ወይም በኦይል ሲል ይወጣል። አንዱን በሲሊከን ብትዘጋው በሌላው ይመጣብሃል። «ባሰባት» ያልከው ምናልባት ይሄ ይሆናል። ስለዚህ በቅድሚያ ሣጥኑንና ቱቦውን እንደነበሩ መልሰህ ሞክር። ሣጥኑ ቤትህ ካለ ይህ አምስት ሳንቲም አያስወጣህም።

ቱቦው ተከፍቶም ከውስጡ በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ፣ ማርሚታውም ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ ፋሻው ይሄዳል። ሲሊንደሩ የሰፋው በፒስተኑ ልክ ላይሆን ይችላል፣ ፋሻውም ተገልብጦ ገብቶ ይሆናል። ይህ የግቢ ሥራ አይደለምና ለባለሙያ አስለካው።

ጋርኒሲዮኑን በተመለከተ፣ የድሮው ቀዳዳ የተበጀው ለድሮው ፒስተን ነው፤ አንዴ የተጨፈለቀም መልሶ በደንብ አይዝም። በአዲሱ ፒስተን ልክ አዲስ ግዛ። ፊቱን ስታጸዳ አሉሚኒየሙን በቢላ አትጫረው። ቡሎኖቹን በመስቀለኛ፣ ቀስ በቀስ፣ በሁለት ሦስት ዙር አጥብቅ። ልኩ በሞተሯ መመሪያ ላይ አለ፤ ቶርክ ሬንች ተዋስ እንጂ በጡንቻህ አትገምት። የተረፈውን ሲሊከንም ለቅመህ አውጣ። ወደ ውስጥ የገባ ቁራጭ ቀጭኗን የዘይት መንገድ ዘግቶ ቴስታታውን በጥም ሊገድለው ይችላል።

አሁን ወደ ጓደኛህ ምክር ልምጣ። ታጥባ የተሸጠች ሞተር ምስጢሯን የምትደብቀው ለአንድ ሁለት ቀን ነው። የሚገዛህ ሰው ማን ይመስልሃል? እንዳንተው እናቱን የሚረዳ፣ ተበድሮ የመጣ ልጅ ሊሆን ይችላል። የኋላ ጎማው ላይ ዘይት እንዳለ ሳያውቅ ሰው አፈናጦ ኩርባ ቢገባስ? «የገዛ ይወቅባት» ማለት ያኔ የነፍስ ነገር ይሆናል። መሸጥ መብትህ ነው፤ ግን «ሲሊንደሯ ሰፍቷል፣ እዚህ ጋ ታንጠባጥባለች» ብለህ፣ ዋጋ ቀንሰህ ሽጥ። ጥቂት ብር ይጎድልብህ ይሆናል እንጂ ገዢውን መንገድ ላይ ስታገኘው ፊትህን አታዞርም።

እኔ ብሆን ግን አልሸጣትም። በቀን ብዙ ደንበኛ ለሚያደርስ ሰው የምትጠቅመው እንደ ጥይት የምትወነጨፈው ሞተር አይደለችም፤ ጠዋት የምትነሳዋ፣ ማታም በሰላም ወደ ቤት የምትመልሰው ናት። ቱቦዋን መልስላትና ትተንፍስ።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እንገናኛለን፤ መልካም ሰንበት!