ሐርቤን ማን ይሣለው?

ሰሞኑን ላሊበላ ቡና ላይ ተቀምጠን አንድ ወጣት የፊልም ባለሙያ «ዘ ኢንክሬዲብልስ» ቀርፋፋ ፊልም ነው አለኝ። «የልዕለ ጀግኖቹ ቤተሰብ ተሰብስቦ እስኪዋጋ ከፊልሙ ግማሽ በላይ ያልፋል። የእኛ አገር ልጅ ይህን ያህል አይታገሥም» ነው ያለው። እሱ ራሱ ስለ ቅዱስ ላሊበላ የልዕለ ጀግና ካርቱን ሊሠራ አስቧል፤ ጽሑፉንም አሳየኝ። ጽሑፉ በመሮና በመዶሻ ይከፈታል። መላእክት በሌሊት ይወርዳሉ፣ አለት ይፈለጣል፣ ብርሃን ይፈነጥቃል። ከዚያ ጥቁር የለበሰ ጠላት ይመጣል። ጠላቱ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን እንደበደለው፣ ምን ፈልጎ እንደመጣ የሚነግረን የለም። ወጣቱ እጁ የተባረከ ሠዓሊ ነው። ሐሳቡ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ሰነበተ።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ነገሬን ታውቁታላችሁ። ስለ ቴሌቪዥን ድራማዎቻችን በተነሣ ቁጥር የምጮኸው ይህንኑ ነው፤ ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ። ደራሲው መውጫ ሲያጣ ከየት መጣ የማይባል መኪና ገጸ ባሕርዩን ይገጨዋል። አራት ወር ስንከታተለው የቆየነው ጠብ አንድም ቀን ስሙ ባልተነሣ ወንድም መምጣት ይፈታል። ይህን ሁሉ «ልብ ሰቀላ» እያልን ተቀብለናል። እኔ አልቀበልም።

ያ ቀርፋፋ የተባለው ግማሽ የፊልሙ ጉልበት ያለበት ነው። ፊልሙ በ1997 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ በ2004 መሆኑ ነው፣ ከፒክሳር የወጣ ሲሆን ጸሐፊውም ዳይሬክተሩም ብራድ በርድ ነው። የመክፈቻውን ቀን አስታውሱ። የቤተሰቡ አባት ቦብ ፓር የሠርጉ ሰዓት እየደረሰበት ድመት ከዛፍ ያወርዳል፤ ራሱን ሊያጠፋ ከፎቅ የዘለለውን ሰው አየር ላይ ይቀልባል። ቡዲ የሚባል ልጅ ደግሞ፣ ራሱ የሠራውን የሚበር ጫማ ተጫምቶ፣ ረዳትህ ልሁን እያለ ይከተለዋል። ቦብ ያባርረዋል። ልጁ እልህ ይዞት ለመብረር ሲነሣ ፈንጂ ካባው ላይ ይለጠፍበታል። ቦብ ፈንጂውን ሲያላቅቅ ሐዲድ ላይ ይወድቅና ይፈነዳል፤ የሚመጣውን ባቡር በደረቱ ያቆመዋል፤ ተሳፋሪዎች ይጎዳሉ። ብዙም ሳይቆይ ከፎቅ የዘለለው ሰው «ማን አድነኝ አለህ» ብሎ ይከሰዋል። የባቡሩ ተጎጂዎችም ይከተላሉ። ክሱ ሲበዛ መንግሥት ጀግኖቹ ሁሉ ስማቸውን ደብቀው እንደ ተራ ሰው እንዲኖሩ ያዛል።

የጀግኖቹ ውርደትና በኋላ የሚመጣው ጠላት የተወለዱት በዚያው አንድ ቀን ነው። ቦብ በዚያ ቀን ብዙ ሰው አድኗል፤ አንድ ልጅ ግን አዋርዷል። ከዚያ በኋላ ለሚሆነው ነገር ሁሉ የሚከፍለው ለዚህች ነው።

15 ዓመት አልፎ ቦብን ኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ፣ ትከሻው በማይበቃው ጠባብ ቦታ ተሸጉጦ እናገኘዋለን። ካሣ የተከለከለች አሮጊት ስታለቅስ አይቶ፣ በየትኛው ፎርም፣ በየትኛው ፎቅ ማመልከት እንዳለባት በሹክሹክታ ያስጽፋታል። አለቃው ይጠራውና ይጮህበታል። ቦብ በመስኮት ሲመለከት መንገድ ላይ ሰው ሲደበደብና ሲዘረፍ ያያል፤ ሊወጣ ሲል አለቃው «ከወጣህ ተባረሃል» ይለዋል። እጁ የበር እጀታ ላይ እንዳለ ይቆማል። ሌባው ያመልጣል። ያኔ አለቃውን አንገቱን ይዞ ይወረውረዋል፤ ሰውዬው የቢሮውን ግድግዳዎች እየበሳ ያልፋል። በዚህ ትዕይንት ከአንድ ውርወራ በቀር ድብድብ የለም። እኔ ግን በፊልሙ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስጨንቅ ቦታ አላውቅም።

ኤድና ሞድንም አንርሳ። ያቺ ድንክዬ ልብስ ሰፊ ካባ አልሰፋም ብላ ካባ የገደላቸውን ጀግኖች በስም ትቆጥራለች፤ አንዷን አውሮፕላን ሞተር ስቦ ነው የበላት። ተመልካቹ ይስቃል፤ ይረሳዋልም። ሊያልቅ ሲል ሲንድሮም፣ ያ የተባረረው ቡዲ፣ በካባው ተስቦ ሞተር ውስጥ ይገባል። ትምህርት ቤት «ንግር» እያልን ለፈተና የሸመደድነው ይኸው ነው፤ በሥራ ላይ ሲውል ግን ስንቶቻችን አይተናል?

ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለመከታተል ፊልም መማር አያስፈልገውም። እዚሁ ላሊበላ ባረፍኩበት ቤት አራት ልጆች ይህንኑ ፊልም በአንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ሲያዩ፣ ከፍ ያለው ልጅ ከቱሪስት በለቀማት እንግሊዝኛ ለታናናሾቹ ይተረጉም ነበር። አያታቸው እማሆይ ከበሩ አጠገብ በሰፌድ ምስር ይለቅማሉ። ስክሪኑን አንዴም አላዩትም፤ የሚሰሙት የልጁን ትርጉም ብቻ ነው። ታሪኩ መሃል ሲደርስ ድንገት «ያ ያባረረው ልጅስ?» አሉ። ልጁ «የቱ ልጅ እማ?» አላቸው። «በሠርጉ ቀን ያባረረው! ይመጣላ!» ብለው ወደ ምስራቸው ተመለሱ። ሲንድሮም ማን እንደሆነ ሲገለጥ ልጆቹ ዘለሉ፤ እሳቸው አልደነቃቸውም። ተረት ሰምቶ ያደገ ሰው የተበደለ ሰው እንደሚመለስ ያውቃል። ታዲያ የእኛ አገር ልጅ አይታገሥም የሚለውን ማን አመጣው? አራቱም ልጆች እስከ መጨረሻው ከቦታቸው አልተነሡም።

እማሆይ ይህን ችሎታ ያገኙት ከምን እንደሆነ አልጠራጠርም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገድል ሲነበብ ሰምተዋል።

ገድለ ላሊበላ በመሮ አይጀምርም። የሚጀምረው ከእናትና ከጨቅላ ልጇ ነው። ሕፃኑ እንደተወለደ ንብ ይከበዋል፤ እናቱ ለንግሥና ምልክት አድርጋ ታየዋለች። ታላቅ ወንድሙ ሐርቤ ዙፋን ላይ ሲወጣ የዚያች ቀን ንብ ከጆሮው አትጠፋም። ፍርሃት ቤተሰቡ ውስጥ ገባ። እህቱ መርዝ አዘጋጀች። ጽዋው ሲቀርብ ዲያቆኑ አስቀድሞ ይቀምሳል፤ ይሞታል። ያስመለሰውን የላሰ ውሻም ይሞታል። ላሊበላ ይህን ሁሉ ዓይኑ እያየ፣ ስለ እኔ ሰው ሞቶ እኔ ልተርፍ ነወይ ብሎ ጽዋውን አንሥቶ ይጠጣል። ሦስት ቀን እንደ ሞተ ይቆያል። መላእክት ወደ ሰማይ አውጥተው በኋላ የሚያንጻቸውን አብያተ ክርስቲያናት የሚያሳዩት በእነዚህ ቀናት ነው።

ሰንሰለቱን ተመልከቱ። ንቡ የወንድምን ፍርሃት ወለደ፤ ፍርሃቱ መርዙን፤ መርዙ ራእዩን፤ ራእዩ ዛሬ ዓለም የሚጎርፍላቸውን 11 ሕንጻዎች። አንዱን ቀለበት ብታወጡት ቤተ ጊዮርጊስ አይኖርም። ወጣቱ ወዳጄ የጀመረው ከሰንሰለቱ ጫፍ ነው። ንቡንም፣ እህቲቱንም፣ ዲያቆኑንም ትቷቸዋል። ብርሃን የሚያፈነጥቅ መዶሻ ይዞ ቀርቷል።

ወጣቱ የላሊበላን ባለቤት መስቀል ክብራን ምን እንዳደረጋት ደግሞ ልንገራችሁ። በጽሑፉ ውስጥ ስትጸልይ ብቻ ነው የምትታየው። ይህቺ ሴት ባሏ ከሐርቤ ሸሽቶ ሲሰደድ አብራው የተንከራተተች ናት። ቤተ አባ ሊባኖስን በአንድ ሌሊት፣ በመላእክት ረዳትነት ያሠራችው እሷ ናት ብሎ አገሩ ይተርካል፤ ቤተ ክርስቲያኑን ያየ ያውቃል፣ ጣሪያው ዛሬም ከላዩ ካለው አለት አልተላቀቀም። በፊልሙ የቦብ ሚስት ሔለን አውሮፕላን ራሷ አብርራ ባሏን ፍለጋ ባትሄድ ኖሮ ታሪኩ እሱ በተያዘባት ደሴት ላይ ባለቀ ነበር። የእኛው ታሪክ እንዲህ ያለች ሴት እያለችው ካርቱናችን ጥግ ላይ ያስቀምጣታል!

ገድልን ከካርቱን ጋር ማነጻጸር ድፍረት ነው የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ደብዳቤያቸውም ይደርሰኛል። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከነፈረሱ፣ ዘንዶውን ከነጦሩ አባቶች የሣሉት ማንበብ የማይችል ሕፃን እንዲያይ አይደለም እንዴ?

ጀማሪዎችም የሉንም አልልም። ብስራት ደበበ በኢታን ኮሚክስ በኩል በ2018 እ.ኤ.አ. «ጀምበር»ን ሲያወጣ ጀግናውን ከሰማይ አላወረደውም፤ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ አደረገው። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ በ«ጥበብ ገርልስ» ሦስት ባለ ኃይል ልጃገረዶችን ከጎጂ ልማድ ጋር አጋጥመዋል። ሁለቱም ታሪካቸውን እኛ በምናውቀው ችግር ላይ ተክለዋል። መንገዱ ተጀምሯል ማለት ነው።

እኔን ግን ያ ጥቁር የለበሰ ጠላት አላስተኛ ብሎኛል። የላሊበላ ልጅ ጠላትን ከፊልም አልተማረም። ከሐምሌ 2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከተማዋ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትዘዋወር ይህ ልጅ ቤት ውስጥ ተደብቆ ነበር። መብራት ለረጅም ጊዜ ጠፋ፤ እንግዳ ቀረ፤ በእንግዳ የሚተዳደረው አባቱ ሥራ ፈታ። ከዚያ ወዲህም ተኩስ ከላስታ አልራቀም። ሔለን ዋሻ ውስጥ ልጆቿን ይዛ፣ እነዚህ ሰዎች እናንተ ቴሌቪዥን ላይ እንደምታዩአቸው ክፉዎች አይደሉም፣ ልጅ ናችሁ ብለው አይምሯችሁም ስትላቸው፣ ስልኩ ላይ የተደፉት አራቱ ልጆች ትርጉም አልጠየቁም። ለእንደነዚህ ያሉ ልጆች ከየትም የመጣ፣ እናት አባት የሌለው ጠላት ሥለን ብንሰጣቸው ውሸት ነው የምንነግራቸው። የሚተኩሰውም የሰው ልጅ እንደሆነ፣ ብዙ ጊዜም የጎረቤት፣ አንዳንዴም የወንድም ልጅ እንደሆነ ያውቃሉ።

ስለዚህ ብራድ በርድንም እዚህ ላይ እሞግተዋለሁ። ሥሩን እንዲህ አሳምሮ ተክሎ ሲያበቃ ፍሬውን ሞተር ውስጥ ጨመረው። ቦብ ሲንድሮምን በመናቁ ጥፋተኛ መሆኑን ይናገራል፤ በዚያ ሰዓት ግን ልጁ መስማት ካቆመ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ ማንም ወደዚያ ቁስል አይመለስም። ካባው ይሳባል፣ ሞተሩ ይፈነዳል፣ ቤተሰቡ ይድናል። እማሆይ ይህን ሲሰሙ «እናት የለውም?» ብለው ጠየቁ። ተርጓሚው ልጅ የሚመልሰው አጣ፤ ፊልሙም መልስ የለውም።

ገድሉ ግን መልስ አለው። ሐርቤ አይገደልም። ጌታ ተገልጦለት ዙፋኑን ለወንድሙ እንዲለቅ ያዝዘዋል፤ እሱም ያሳደደውን ታናሹን ፍለጋ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይወጣል። መርዝ ሲቀርብ ዙፋን ላይ የነበረ ሰው፣ ወንድሙን ያስገረፈ ሰው፣ በእግሩ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ዘውዱንም በገዛ ፈቃዱ ያስረክባል። የትኛው የሆሊውድ ስቱዲዮ ይህን መጨረሻ ደፍሮ ያውቃል? የሐርቤን ፊት መሣል ከመላእክት ክንፍ ይልቅ ይከብዳል። መጀመሪያ ላይ ንቡን ሲሰማ የፈራውን፣ መሃል ላይ የጨከነውን፣ መጨረሻ ላይ መንገድ የጀመረውን ያንኑ አንድ ፊት መሣል ነው። ወጣቱ ወዳጄ ያን መሣል እንደሚችል አውቃለሁ፤ የሽማግሌዎችን ፊት እንዴት እንደሚሥል አይቻለሁ። ሐርቤን ይጨምርልን። ከመጀመሪያው ትዕይንት ይጨምረው።

ሁለተኛ ክፍል ይሠራ ከተባለም ታሪኩ ተሰናድቶ ተቀምጧል። የሐርቤ ልጅ ነአኩቶ ለአብ ያደገው በአጎቱ በላሊበላ ቤት ነው፤ ያሳደደው ሰው ልጅ በተሳደደው ሰው ማዕድ ማለት ነው። ላሊበላ በመስቀል ክብራ ምክር ዙፋኑን ለእሱ ይለቅለታል። ከጊዜ በኋላ የአዲሱ ንጉሥ ሰዎች የአንድ ድኻ ገበሬ ያለችውን አንዲት ላም ነድተው ለቤተ መንግሥት ማዕድ ያርዷታል። ይህን የሰማችው መስቀል ክብራ ባሏን ተነሥና ዙፋንህን መልሰህ ያዝ አለችው፤ መልሶም ያዘ ይባላል። መንግሥት በአንዲት ላም ሲገለበጥ የሚያሳይ ካርቱን የላስታ ገበሬ ልጅ ምንም አስተርጓሚ አይፈልግበትም። ሠዓሊያችን አደራ፣ ላሟን በመጀመሪያው ክፍል፣ ገና ማንም ልብ ሳይላት፣ ከገበሬው ጎጆ ጀርባ ሣር ስትግጥ አንድ ጊዜ ያሳየን።