ሥጋ ሰጥተው ቢላ የነሷቸው ጳጳስ

ለዛሬ ስለ አንድ አፍሪካዊ ጳጳስ ላጫውታችሁ። ታሪካቸው ከአገሩ ለተነቀለ ሰው ሁሉ የሚነግረው ነገር አለ።

ሳሙኤል አጃዪ ክራውዘር እ.ኤ.አ. በ1809 ገደማ በዛሬዋ ናይጄሪያ፣ በዮሩባ ምድር ኦሶጉን በምትባል ከተማ ተወለዱ። በ1821 ባሪያ ፈንጋዮች ከተማዋን ወርረው ብላቴናውን አጃዪን ማረኩት። ከእጅ ወደ እጅ ተሸጦ በፖርቱጋል መርከብ ከተጫነ በኋላ፣ በ1822 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቧን ይዞ ሴራሊዮን ላይ አወረደው። እዚያም ፊደል ቆጠረ፤ በ1825 ተጠመቀ፤ በ1843 ለንደን ላይ ቅስና ተቀበለ። በ1846 አቤኦኩታ ከተማ ውስጥ ከእናቱ ጋር ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከተለያዩ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር! ስደት ግን ቋንቋውን አላስጣለውም፤ የዮሩባ መዝገበ ቃላት አሳትሟል፣ መጽሐፍ ቅዱስንም ወደ ዮሩባ በመተርጎም ዋናውን ድርሻ ይዟል።

ጁን 29 ቀን 1864 በካንተርበሪ ካቴድራል ጳጳስ ሆነው ተሾሙ፤ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው አፍሪካዊ ጳጳስ መሆናቸው ነው። የነገሩ ጉድ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሀገረ ስብከታቸው ከእንግሊዝ ንግሥት ግዛት ውጭ ያለው አገር እንዲሆን ተወሰነ። ሌጎስ ደግሞ ከ1861 ጀምሮ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። አቤኦኩታ የነበሩት እነ ሄንሪ ታውንሰንድም በጥቁር ጳጳስ ሥር ማደርን አልወደዱም። ስለዚህ ዮሩባው ጳጳስ ወገናቸውን ትተው፣ ቋንቋው ሌላ ወደ ሆነው ወደ ኒጀር ወንዝ ሕዝብ ወረዱ።

በኒጀር አብረዋቸው የሠሩት ከሞላ ጎደል አፍሪካውያን ነበሩ። ከመካከላቸው ያጠፋ አልነበረም አንልም። ነገር ግን በ1890 ከእንግሊዝ የመጡ ወጣት ሚስዮናውያን ኦኒቻ ላይ ተሰብስበው፣ ጳጳሱ እየተቃወሙ ካህናቱን አገዱ። የገዛ ልጃቸው ሊቀ ዲያቆን ዳንደሰን ሳይቀር ታገደ። የሰማንያ ዓመቱ አዛውንት ከኮሚቴው ወጡ፤ ዲሴምበር 31 ቀን 1891 ሌጎስ ላይ ዐረፉ። በመንበራቸው የተተካው ነጭ ነበር።

በዚያው በ1891 ሌጎስ ውስጥ የተቆጡ ምእመናን ተገንጥለው የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን አቋቋሙ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንዲህ ያለውን በአፍሪካ የተነሣ እንቅስቃሴ በእኛው ስም «ኢትዮጵያዊነት» ይሉታል፤ መዝሙረ ዳዊት ስለ ኢትዮጵያ እጆች ከሚናገረው ቃል የተወሰደ ነው። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ ስለ ክራውዘር በደል በይፋ ይቅርታ የጠየቁት በ2014 ነው። ሰውየው ካረፉ 122 ዓመት አልፎ ነበር።

አባቶቻችን ሥጋ ሰጥቶ ቢላ መንሳት የሚሉት ይህንን ነው። አክሊሉን ደፉላቸው፤ መሾምና መሻሩን ግን ለራሳቸው አስቀሩት። አንባቢ ሆይ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ወንበር ሲሰጡን፣ ከምስጋናው በፊት ቢላው በማን እጅ እንዳለ እንጠይቅ።