በሸመገለ ውሻ ገላ ላይ እብጠት በተገኘ ጊዜ



በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት ንጽሕናና ስለ ምግብ አሠራር ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ ግን ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ቤታችንን ስለሚጠብቅልን፥ ሕመሙን ግን በቃል ሊነግረን ስለማይችለው ስለ ውሻችን ጥቂት ለመናገር አስበናል። ይኸውም ዕድሜው በገፋ ውሻ ገላ ላይ እብጠት የተገኘ እንደ ሆነ የቤቱ ሰዎች ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ነው።

ነገሩን ከራሴ ቤት እጀምራለሁ። ከዓመታት በፊት አንዲት ሴት ውሻ ነበረችን። ዘጠኝ ዓመት በሆናት ጊዜ ከኋለኛው ጡቷ አጠገብ ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር በእጄ ዳሰስሁ። ውሻይቱ ትበላለች፥ ትጠጣለች፥ እንግዳ ሲመጣም እንደ ወትሮዋ ትጮኻለች፤ ስለዚህ «እርጅና ያመጣው ነው፥ ይተዋታል» ብዬ ዝም አልሁ። ዓመት ሳይሞላ ሽምብራይቱ ሎሚ አከለች፤ ቆዳውም ቆስሎ ይደማ ጀመር። ያን ጊዜ ወደ ሐኪም ብንወስዳት በራጅ ታየችና ነቀርሳው ወደ ሳንባዋ መዝለቁ ታወቀ። ሐኪሙ የተናገሩት ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፤ «ሽምብራ ሳለች ብታመጧት ኖሮ» አሉኝ። ጥፋቱ የሌላ የማንም አልነበረም፥ የእኔ ነበረ።

ከእርሷ በኋላ ያሳደግነው ወንድ ውሻ ስሙ ጠርጥር ይባላል። እርሱም አሁን 11 ዓመት ሆኖታል። ክረምቱ እንደ ወጣ ታናሺቱ ልጄ በፀሐይ ስታጥበው ከብብቱ በታች በደረቱ ጎን የዶሮ እንቁላል የሚያህል እብጠት አገኘችና እያለቀሰች ጠራችኝ። የቤታችን ሰው ሁሉ ተሰበሰበ፤ ምክሩም በዛ። እናቴ «ስብ ነው፥ ተዉት» አሉ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን «ብረት አግላችሁ ተኩሱት» አሉ። የበኩር ልጄ ደግሞ «ካንሰር ነው፤ አብቅቶለታል፤ ከሚሠቃይ ቢሞት ይሻለዋል» አለ። ሦስቱም የተናገሩት ለውሻው አዝነው ነው፤ ነገር ግን ከሦስቱ በእርግጥ የሚያውቅ አንድም አልነበረም። እኔም የፊተኛይቱን አስቤ በማግሥቱ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድሁት።

ሐኪሙ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ዳሰሱት። ከዚያም በቀጭን መርፌ ከእብጠቱ ጥቂት ቀድተው በመስተዋት ላይ አደረጉና በማይክሮስኮፕ ተመለከቱት፤ ስብ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ደስ ብሎን ልንነሣ ስንል ግን በኋላ እግሩ ጭን ላይ፥ ከጠጕሩ ሥር፥ አተር የምታህል ማንኛችንም ያላየናት ሌላ እብጠት አሳዩን። እርሷም በመርፌ ብትመረመር ማስት ሴል ከሚባለው የነቀርሳ ዓይነት ሆነች። በሳምንቱ ውሻው በማደንዘዣ ተኝቶ እብጠቷ በዙሪያዋ ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር ተቆርጣ ወጣች፤ የተቆረጠውም ተመርምሮ ዳርቻው ንጹሕ መሆኑ ተነገረን። እንግዲህ ያስለቀሰን ትልቁ እብጠት የማያሰጋ ነበረ፤ የምታሰጋው ያላየናት ትንሺቱ ነበረች።

ከዚህ የተማርነው ይህ ነው። የእብጠትን ክፋትና ደግነት በዓይን አይቶ ወይም በእጅ ዳስሶ በእርግጥ ሊለይ የሚችል ሰው የለም፤ የተማረ ሐኪም እንኳ ቢሆን መርፌውንና ማይክሮስኮፑን ሳይዝ አይፈርድም። የስብ እባጭ በሸመገሉና በወፈሩ ውሾች ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ለስላሳ ነው፥ ከቆዳ በታችም ወዲያና ወዲህ ይላል። አካሄዱን የማያሰናክለው ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሳይነካ ይተዋል። ነገር ግን ማስት ሴል የተባለው ነቀርሳ የስብን መልክ ይዞ ሊያታልል ይችላል፤ ሲነካካም ይቀላል፥ ያብጣል፥ ኋላም መልሶ ይጎድላል። ባለቤቱም ጎደለ ብሎ ደስ ይለዋል፤ በሽታው ግን አልሄደም።

ሴት ውሻ ያላችሁ ይልቁንም ጡቶቿን ጠብቁ። ባልተኮላሸች ሴት ውሻ ጡት ላይ ከሚወጡት ዕጢዎች እኩሌታ የሚያህሉት ክፉዎች ናቸው። በልጅነቷ የተኮላሸች እንደ ሆነ ግን ይህ በሽታ እጅግ ይቀንስላታል። ከዚህም በቀር ውሾች እንደ ልባቸው በሚዘዋወሩበት አገር ሁሉ በሩካቤ የሚተላለፍ ሌላ ዕጢ አለ፤ በብልታቸው ላይ፥ አንዳንድ ጊዜም በአፍንጫቸው ላይ እንደ አበባ ጎመን ተንዠርግጎ ይወጣና ይደማል። ኖቪንስኪ የተባለ የሩስያ የእንስሳት ሐኪም በ1876 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዕጢውን ከአንዱ ውሻ ወስዶ በሌላው ላይ በመትከል መተላለፉን አሳይቷል። ይህ ዕጢ መልኩ የሚያስፈራ ቢሆንም ቪንክሪስቲን በሚባል በየሳምንቱ በሚሰጥ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። እንግዲህ መልኩን አይቶ ተስፋ መቍረጥም ስሕተት ነው።

ታዲያ እስከ መቼ ይጠበቃል? ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች የሚከተሉት ቀላል ሥርዓት አለ። እብጠቱ 1 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፥ ይኸውም አተር ካከለ፥ ወይም 1 ወር ቆይቶ ካልጠፋ በመርፌ ይመርመር ይላሉ። በፍጥነት የሚያድግ፥ የሚደማ፥ የሚያቈስል ወይም የሚያሳምም እንደ ሆነ፥ ወይም ውሻው መብል ከተወ፥ ከከሳና ትንፋሽ ካጠረው ግን አንድ ቀንም አይጠበቅም። የመርፌው ምርመራ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣ እንኳ አያሻውም። መርፌው ያልለየው እንደ ሆነ ሐኪሙ ከሥጋው ቍራጭ ወስደው ያስመረምራሉ።

በቤት የማይደረገውንም እንንገራችሁ። እብጠቱን አትጭመቁት፤ በምላጭ አትቅደዱት፤ በጋለ ብረት አትተኩሱት፤ በክር ወይም በፈረስ ጭራ አትሰሩት። መግል የያዘ ቢሆን መርዙ ወደ ውስጥ ሊሠራጭ ይችላል፤ ነቀርሳ ቢሆን ደግሞ ቍስልና ሥቃይ ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም፥ ጊዜውንም ያባክናል። ለሰው የታዘዘ የሕመም ማስታገሻም አትስጡት፤ ኢቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኵላሊት ይጎዳል፥ ፓራሲታሞልም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊመርዘው ይችላል። እብጠት የመሰላችሁም ነገር ደም ጠጥታ የተነፋች መዥገር ልትሆን ስለምትችል ጠጕሩን ገልጣችሁ ደኅና አድርጋችሁ ተመልከቱ።

ይልቁንስ በወር አንድ ጊዜ ውሻችሁን መላ ገላውን ዳስሱት። ከአፉና ከድዱ ጀምራችሁ በአንገቱ፥ በብብቱ፥ በደረቱ፥ በሆዱ፥ በብሽሽቱ፥ በጣቶቹ መካከልና ከጭራው ሥር እጃችሁን ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ። እብጠት ስታገኙ ቀኑን፥ ያለበትን ቦታና ስፋቱን በመለኪያ ለክታችሁ በደብተር ጻፉ፤ ከአጠገቡም ሳንቲም አኑራችሁ ፎቶግራፍ አንሡ። «ትንሽ አደገ መሰለኝ» ከማለት ይልቅ ይህ ለሐኪሙ ብዙ ይረዳል። ሕመም ያለበት ውሻ ግን ጌታውንም ሊነክስ ስለሚችል ልጆች ብቻቸውን አይዳስሱት። ነክሶ የተገኘ እንደ ሆነ ቍስሉን 15 ደቂቃ ያህል በውሃና በሳሙና አጥባችሁ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።

«አርጅቷል፥ ምን ያደርጋል ሕክምና?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እርጅና ግን ራሱ በሽታ አይደለም። ደሙ ተመርምሮ ኵላሊቱና ጉበቱ ደኅና መሆኑ ከታወቀ ብዙ የሸመገሉ ውሾች ማደንዘዣን ይችላሉ። የገንዘብ ነገር የሚያሳስባችሁ እንደ ሆነ ለሐኪሙ በግልጥ ንገሩ፤ እንዲህም ብላችሁ ጠይቁ፤ ይህ እብጠት ምንድር ነው? ቢቈረጥ ምን ያህል ዕድሜ ይጨምርለታል? ባይቈረጥስ ሕመሙን በምን እናቀልለታለን? የማይድን ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሕመሙን ማስታገስ የሚቻልበት መንገድ አለ፤ ቤተ ሰቡም ስንብቱን አውቆ ይሰናበተዋል እንጂ በድንገት አይደነግጥም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ያለ ነገር ነው። የፊተኛይቱን ውሻዬን ያጠፋት ነቀርሳው ብቻ አይደለም፤ የእኔም ዝምታ አለበት። ጠርጥር ግን ዛሬም በደጃፋችን ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ የስቡ እብጠት አብሮት አለ፥ የጭኑም ጠባሳ በጠጕር ተሸፍኗል። ስሙን ያወጣንለት ሌባን እንዲጠረጥርልን ነበረ፤ አሁን ግን በወሩ መጀመሪያ ልጄ ደብተሯን ይዛ አጠገቡ ትቀመጣለች፥ ስለ እርሱ የምንጠረጥረውም እኛ ሆነናል።