ከዳክዬ ዓይን መሸሸግና ከኅሊና መሸሸግ

ሰው በአደባባይ የሚሠራው ሥራ አለው፤ ተሸሽጎ የሚሠራውም ሥራ አለው። በአደባባይ የሠራው ብዙ ጊዜ ሰውን ማፈሩን ይገልጻል፤ ተሸሽጎ የሠራው ግን ራሱን ማፈሩን ወይም አለማፈሩን ይገልጻል። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ የምከራከረው «ማንም ያላየው ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል» ከሚሉት ሰዎች ጋር ነው። ክርክሬንም የምጀምረው ሣር ከለበሰች ከአንዲት ትንሽ ጀልባ ነው።

በአሜሪካ አገር፥ በሜሪላንድ በኩል፥ ቼሳፒክ የሚባል ሰፊ የባሕር ወሽመጥ አለ። የብርዱ ወራት ሲገባ ከሰሜን የሚወርደው ዳክዬ በዚያ ውሃ ላይ ያርፋል። እኔም በዚያ አካባቢ ስኖር አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ጀልባን ከዳክዬ ዓይን የመሰወርን ጥበብ አስተማሩኝ።

ጥበቡ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ጀልባይቱ ጠፍጣፋና ዝቅ ያለች ናት፤ ቀለሟም የማያብለጨልጭ፥ የደረቀ ሣር የሚመስል ነው። በጠርዟ ዙሪያ ገመድ ይወጠርና ሸምበቆና ሣር በትንንሹ እየታሰረ፥ የጎጆ ክዳን እንደሚከደን አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። ሣሩ ከዚያው ረግረግ የታጨደ መሆን አለበት፤ ረግረጉ ቢጫ ሆኖ ሳለ አረንጓዴ ቅጠል ያሰረ ሰው ራሱን ያጋልጣል፤ ዳክዬ ቀለም ለይታ ታያለችና። የሣሩም ጫፍ እኩል አይቆረጥም፤ ቀጥ ያለ መሥመር የሰው እጅ ሥራ መሆኑን ይናገራል። ወፊቱ የምታየው ከላይ ስለ ሆነ አዳኙ ራሱንም ይከድናል፤ ቀና ያለ ፊት ከሩቅ ይታያልና ፊቱን ይሸፍናል። ከእንጨት የተቀረጹ ዳክዬዎችን በውሃው ላይ ያንሳፍፋል፤ ዳክዬ የምታርፈው ወደ ነፋሱ ዞራ ነውና ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ይህን ለአንድ ያገሬ ልጅ ባጫወትሁት ጊዜ ሣቀብኝ። «አባቶቻችን አንበሳና ዝሆን ፊት ለፊት ገጥመው ገዳይ ተባሉ፤ አንተ ሣር ለብሰህ፥ ያውም በኛ ዘንድ የማይበላውን ዳክዬ ታደባበታለህ! ይህ ፈሪነትና አታላይነት ነው» አለኝ። ንግግሩ ለጆሮ ያምራል፤ ግን ትክክል አይደለም። አንበሳ ወደ ሰው ይመጣል፤ ዳክዬ ግን መከላከያዋ መራቅ ነው። እሷ ዓይንና ክንፍ ተሰጥቷታል፤ ለሰውም ብልሃት ተሰጥቶታል። በኔቫዳ ከአንድ ዋሻ ውስጥ በ1924 ዓመተ ምሕረት (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከሸምበቆ መሰል ሣር የተሠሩ የዳክዬ ምስሎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸውም 2,000 ዓመት ያህል ነው። የአገሩ ጥንታውያን ሰዎች በዚህ ብልሃት ልጆቻቸውን ይመግቡ ነበር። እንግዲህ መሸሸግ ብቻውን ነውር አይደለም።

ይሁን እንጂ ብልሃት ልክ ያጣ እንደ ሆነ ምን እንደሚያደርስ ተመልከት። በ19ኛው መቶ ዓመት በዚያው በቼሳፒክ ዳክዬን ለገበያ የሚያድኑ ሰዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ የሬሳ ሣጥን የመሰለ ሣጥን እስከ አፉ ድረስ ውሃ ውስጥ ያሰጥሙና፥ ብዙ የእንጨት ዳክዬ በዙሪያው አንሳፍፈው በውስጡ ይጋደሙ ነበር። ሌሎቹም በትንሽ ጀልባ አፍንጫ ላይ መድፍ የሚያህል ጠመንጃ አጋድመው፥ በሌሊት ወደ ተኛው መንጋ ተጠግተው በአንድ ተኩስ ብዙ ደርዘን ይጥሉ ነበር። የታደነውም በበርሜል እየታጨቀ ለከተማ ይሸጥ ነበር።

መንጋው በተመናመነ ጊዜ ሕግ መጣ። በ1918 የወጣው ሕግ ከአገር ወደ አገር የሚሻገሩትን ወፎች አድኖ መሸጥን ከለከለ። ከ1934 ጀምሮ የዳክዬ አዳኝ ልዩ ቴምብር እንዲገዛ ታዘዘ፤ ገንዘቡም ረግረግ መጠበቂያ ሆነ። በ1935 ደግሞ ያ የሚሰጥመው ሣጥን፥ በሕይወት ባሉ ዳክዬዎች ማባበልና እህል በትኖ ማደን ተከለከሉ፤ ጠመንጃውም ከ3 ጥይት በላይ እንዳይጎርስ ተወሰነ። ልብ አድርግ! ሕጉ ሣር የለበሰችውን ጀልባ አልከለከለም፤ የከለከለው ልክ ማጣትን ነው።

ነገር ግን ሕግ በየሸምበቆው ውስጥ አይቀመጥም። ጀልባይቱን ከዳክዬ የሰወራት ሣር ከዘበኛውም ይሰውራታል። በዚያ ስፍራ የሚቆጥር ኅሊና ብቻ ነው። ይህንም ያወቅሁት በራሴ ውድቀት ነው።

በአንድ የታኅሣሥ ማለዳ ከአንድ ባልንጀራዬ ጋር በሽማግሌው ጀልባ ወጣን። ሽማግሌው ጉልበታቸውን ታመው ስለ ነበር በዳር ቀሩ። የተፈቀደው ለአንድ ሰው በቀን 6 ዳክዬ ነው፤ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ሳይሆን ሁለታችን 12 ሞላን። ጠመንጃዬን አራግፌ ሳለሁ ሌላ መንጋ ክንፉን ዘርግቶ ወደኛ ወረደ። ባልንጀራዬ፥ «ማን ያየናል?» አለኝ። እኔም መልስ አልሰጠሁትም፤ ጠመንጃዬን ግን መልሼ አጎረስሁ። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ጣልን። ሁለቱንም ከጀልባይቱ አፍንጫ፥ ከሣሩ ሥር ወሸቅናቸው።

ዳር ስንደርስ ሽማግሌው፥ «ስንት ሆነላችሁ?» አሉ። «12» አልሁ፤ ቶሎ አልሁ። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው እርጥቡን ሣር ሊፈቱ ጎንበስ አሉ። ሁለቱን አገኟቸው፤ ከሌሎቹ ጎን በተራ አጋደሟቸውና ከመጀመሪያው ጀምረው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እስከ 14 ቆጠሩ። ከዚያም፥ «ልጄ፥ ይህን ሣር ያሰርነው ለዳክዬ ዓይን ነበር፤ ለኔ ዓይን መሆኑን አላወቅሁም» አሉኝ።

በዚያው ቀን ለዘበኛው ራሴ አስታወቅሁና ቅጣቴን ከፈልሁ። ገንዘቡን ረሳሁት፤ ያንን ቆጠራ ግን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ሽማግሌውም ዳግመኛ ጀልባቸውን አላዋሱኝም።

ባልንጀራዬ አሁንም ሞኝ ይለኛል። «በሁለት ዳክዬ ባሕር አይጎድልም» ይላል። እኔም እንዲህ ብዬ እመልስለታለሁ፦ እነዚያ የገበያ አዳኞችም በየግላቸው «የኔ ድርሻ ምን ያህል ነው?» ብለው ነበር ውሃውን ያራቆቱት። ይህም ይቅር፤ ዳክዬው ቢተካ እንኳ በዚያ ጧት ያጠፋሁት የሽማግሌው እምነት አልተተካም። «ማን ያየኛል?» የሚል ሰው አንድ ምስክር ሁልጊዜ ይረሳል፤ እሱም ራሱ ነው።

ወጣት ሆይ፥ አንተም ሣር የለበሰ ጀልባ አለህ። የፈተና አዳራሽ ጠባቂው ፊቱን ባዞረ ጊዜ፥ የመሥሪያ ቤቱ ሣጥን ቁልፍ በእጅህ ብቻ በሆነ ጊዜ፥ ሚዛኑን አንተ ብቻ በምታነብበት ጊዜ በዚያች ጀልባ ውስጥ ተቀምጠሃል። ብልሃትህን አልነቅፍም፤ ብልሃት ስጦታ ነው። ነገር ግን ወደ ሸምበቆው ከመግባትህ በፊት ቁጥርህን ወስን፤ በሞላም ጊዜ ጠመንጃህን አራግፍ፤ ካራገፍህም በኋላ መልሰህ አታጉርስ። ወደ ዳር ስትመለስ ሣሩን የሚፈታ ሰው ቢመጣ ሳትደነግጥ የምትቆም ሁን።