ቂጣውን ከልክሎ ፍጥነት መጠየቅ

የሕንድ ፊልም ሳያይ ያደገ የከተማ ሰው እኛ አገር ብዙም አይገኝም። «ላጋን»ን ያየ ሰው ደግሞ መጨረሻውን አይረሳውም። በ2001 የወጣ ፊልም ነው (ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ዝናብ የጠፋባቸው ገበሬዎች ከግብር ለመዳን ሲሉ ከእንግሊዝ መኮንኖች ጋር ክሪኬት ይገጥማሉ። በመጨረሻዋ ኳስ ላይ ጀግናው አሚር ካን ዱላውን አንስቶ ኳሷን ከሜዳ ውጭ ይልካታል። መንደሩ ይጨፍራል፣ ሰማዩም ዝናቡን ይለቃል። ልብ በሉልኝ፤ ጀግናው መቺ ነው። ወርዋሪ አይደለም።

ፊልም ነው ብላችሁ አትለፉት። የሕንድ ክሪኬት ትልቁ ሕመም እዚያች ትዕይንት ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ክሪኬት ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ላቅልለው። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይመታል። መቺው ሩጫ ይሰበስባል፤ ወርዋሪው መቺውን ከሜዳ ለማስወጣት ይታገላል፤ ሲሳካለት «ዊኬት ወሰደ» ይባላል። ስድስት ውርወራ አንድ «ኦቨር» ነው። ወርዋሪዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ኳሷን በጣቱ እያሾረ በቀስታ የሚልካት ነው፤ እሱን አሿሪ እንበለው። ሁለተኛው ከሩቅ ተንደርድሮ፣ ክንዱን ሳያጥፍ፣ በሰዓት 140 እና 150 ኪሎ ሜትር የሚለቃት ፈጣን ወርዋሪ ነው። ሕንድ በመቺና በአሿሪ ታምታ አታውቅም። «ፈጣን ወርዋሪ የለንም» የሚለው ሮሮ ግን አያት ለልጅ ልጅ ያወረሰው ነው።

ከ1.4 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ! ክሪኬትን እንደ ሃይማኖት የያዘ አገር! እና ፈጣን ወርዋሪ የለም? እኔ ይህን አልቀበልም። የለም ሳይሆን አሳዳጊ የለውም ነው መባል ያለበት። የበቀለውን ደግሞ ሳይጠነክር ያደርቁታል።

ድሮ የሚሰጠው ምክንያት አስቂኝ ነው። «ሕንዳዊ አጥንቱ ቀጭን ነው፣ ሥጋ አይበላም፣ ተፈጥሮው ለፍጥነት አይሆንም» ይባል ነበር። እስቲ ታሪኩን እንየው። ሕንድ የመጀመሪያውን የቴስት ግጥሚያዋን በ1932 ለንደን ላይ ሎርድስ ሜዳ ስታደርግ ውርወራውን የከፈቱት ሞሐመድ ኒሳርና አማር ሲንግ ናቸው። ኒሳር በመጀመሪያው ዙር 5 እንግሊዛውያን አስወጣ። የተወለደው ዛሬ የሕንድ ፑንጃብ በሆነችው ሆሺያርፑር ነው፤ ሕንድና ፓኪስታን በ1947 ሲለያዩ ፓኪስታን ቀረ። ከዚያ በኋላ ፓኪስታን ኢምራን ካንን፣ ዋሲም አክራምን፣ ዋቃር ዩኒስን፣ በ2003 የዓለም ዋንጫ 161.3 ኪሎ ሜትር የወረወረውን ሾዓይብ አክታርን አከታትላ አወጣች። ድንበሩ የተሰመረው ፑንጃብን ለሁለት ከፍሎ ነው። ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያለው አፈር አንድ፣ ስንዴው አንድ፣ ደሙም አንድ። ታዲያ ተፈጥሮ ኬላ ላይ ፓስፖርት ታያለች እንዴ?

ካፒል ዴቭ ራሱ ደጋግሞ የተናገረው ነገር አለ። ገና ጎረምሳ ሳለ ቦምቤ የሥልጠና ካምፕ ገባ። በዚያ ሙቀት ሲሮጥ ውሎ ለምሳ የቀረበለት ሁለት ደረቅ ቂጣና ጥቂት አትክልት ነው። «እኔ ፈጣን ወርዋሪ ነኝ፤ ይህ አይበቃኝም» ብሎ አቤት ቢል፣ ኃላፊው ሳቁበት፤ ሕንድ ውስጥ ፈጣን ወርዋሪ የሚባል ነገር የለም አሉት። ልጁ በ1978 ብሔራዊ ቡድን ገባ፣ በ1983 አምበል ሆኖ የዓለም ዋንጫ አነሳ፣ በ131 ቴስት 434 ዊኬት ወስዶ በ1994 ጡረታ ሲወጣ የዓለም ባለክብረ ወሰን ነበር።

ይህን ታሪክ ሕንዶች የሚያወሩት ለኩራት ነው፤ «አየህ ልጁ እንዴት አሳፈራቸው!» እያሉ። እኔን የሚያሳስቡኝ ግን ሌሎቹ ናቸው። ያን ቀን እዚያው ካምፕ፣ ከዚያ በፊትና በኋላም በሌሎች ካምፖች፣ ሁለቱን ቂጣ በልተው ዝም ያሉት። እልህ ያልያዛቸው፣ ወይም እልሁ ኖሯቸው ጉልበታቸው ያለቀ ልጆች። አንድ ካፒል በእልህ ስለበቀለ ማሳው ለም ነው አይባልም።

የሜዳውን ነገር ደግሞ ተመልከቱ። በክሪኬት ኳሷ የምትነጥርበትን መሬት አስተናጋጁ አገር ነው የሚያሰናዳው። ሣር የተተወለት፣ ጠንከር ያለ መሬት ፈጣኑን ይረዳል። የደረቀና የተሰነጣጠቀ መሬት አሿሪውን ያነግሣል። ሕንድ ምን መረጠች? የታወቀ ነው። በ1967 በርሚንግሃም ላይ ቡድኑ አራት አሿሪዎች አሰልፎ ፈጣን ስላጣ፣ ውርወራውን እንዲከፍት የተጠራው ተጠባባቂው በረኛ ቡዲ ኩንደራን ነበር፤ ክሪኬትም ከመቺው ጀርባ ኳስ የሚይዝ በረኛ አለው። በረኛ! እግር ኳስ ላይ ግብ አግቢ ጠፍቶ በረኛው ይሂድ እንደማለት ነው።

«ይህ ድሮ ቀረ» የሚል ይኖራል። እሺ፣ ወደ 2021 እንምጣ። ኢሻንት ሻርማ 100ኛ ቴስቱን አሕመዳባድ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ተጫወተ። ከሕንድ ፈጣኖች ከካፒል ዴቭ ቀጥሎ እዚያ ቁጥር የደረሰው እሱ ብቻ ነው። ጨዋታው በሁለት ቀን አለቀ። ከወደቁት 30 ዊኬቶች 28ቱን የወሰዱት አሿሪዎች ናቸው። ኢሻንት በሁለቱ ዙር ተደምሮ 5 ኦቨር ወረወረ። ለአሥራ አራት ዓመት ጉልበቱን የገበረ ሰው በበዓሉ ቀን የሰጡት 30 ኳስ ነው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው።

እና አንድ የ15 ዓመት ልጅ፣ ቁመቱ የረዘመ፣ ክንዱ የፈጠነ፣ ይህን ቴሌቪዥን ላይ እያየ ምን ይላል? «ኧረ ምን በወጣኝ! ዱላውን ስጡኝ» ነው የሚለው።

ደግሞ እነማን ናቸው ፈጣን የሚሆኑት? ድሃ መቺ የለም ማለቴ አይደለም፤ የፈጣኖቹ መዝገብ ግን ራሱ ይናገራል። የሞሐመድ ሲራጅ አባት ሃይደራባድ ውስጥ ባጃጅ ነጂ ነበሩ። የኡሜሽ ያዳቭ አባት የከሰል ማዕድን ሠራተኛ፣ የኡምራን ማሊክ አባት ፍራፍሬ ሻጭ። ናታራጃን የታሚል ናዱ የገጠር ልጅ ነው፤ እናቱ መንገድ ዳር ምግብ ይሸጡ ነበር። ሞሐመድ ሻሚ የኡታር ፕራዴሽ የገበሬ ልጅ ነው፤ የራሱ ክፍለ ሀገር አልቀበል ቢለው ኮልካታ ድረስ ተሰደደ። እነዚህ ልጆች ይዘው የመጡት ጉልበታቸውን ነው። ሲራጅ በ2020 አውስትራሊያ ሳለ አባቱ አረፉ፤ ለቀብር አልተመለሰም፤ በጃንዋሪ 2021 ብሪዝበን ላይ 5 ዊኬት ወስዶ ሕንድ ተከታታይ ግጥሚያውን እንድታሸንፍ ረዳ። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ያለው አገር «ሰው የለኝም» ሲል አያፍርም?

የሚቀጥለው ክርክር ይታወቀኛል። «ቡምራ እያለ ምን ትጮኻለህ?» እውነት ነው፣ ጃስፕሪት ቡምራ የዘመኑ ታላቅ ወርዋሪ ነው። በ2018-19 ሕንድ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ አውስትራሊያን በአውስትራሊያ ስታሸንፍ ፈጣኖቿ የፊት መሪ ነበሩ። ግን አንድ ምሰሶ ቤት አይሆንም። በ2024-25 አውስትራሊያ ላይ ቡምራ በአምስት ቴስት 151 ኦቨር ከ2 ኳስ ወርውሮ 32 ዊኬት ወሰደ። በመጨረሻው የሲድኒ ጨዋታ ጀርባው ከዳው። አውስትራሊያ ለማሸነፍ 162 ሩጫ ስትፈልግ እሱ ተቀምጦ ያይ ነበር፤ ያለ ችግር አሸነፉ። ቀደም ሲልም በ2023 ጀርባው ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። ፈጣን ወርዋሪ የፊት እግሩን በተከለ ቁጥር የሰውነቱን ክብደት ብዙ እጥፍ የሚሆን ኃይል አከርካሪው ላይ ይወጣል። የአንድ ሰው የጀርባ አጥንት የአንድ ቢሊዮን ሰው ጉዳይ ከሆነ ይህ ሀብት አይባልም፣ እጥረት ነው። በ2025 እንግሊዝ ላይ ቡምራ ከአምስቱ ሦስቱን ብቻ ሲጫወት፣ አምስቱንም የተሸከመው ሲራጅ ነው፤ 1,113 ኳስ! ኦቫል ላይ በ6 ሩጫ ልዩነት ያሸነፉት በእሱ ትከሻ ነው። ተጨበጨበለት። ጭብጨባ ግን ሸክም አያቀልም።

ገንዘቡስ? ገንዘብማ ሞልቷል። አይ.ፒ.ኤል. የሚባለው የሁለት ወር ውድድር ከ2023 እስከ 2027 ያለውን የማሰራጫ መብት ብቻ 48,390 ክሮር ሩፒ ሸጧል፤ አንድ ክሮር 10 ሚሊዮን ነው፣ ማባዛቱን ለእናንተ ልተው። በዚህ ውድድር አንድ ወርዋሪ በጨዋታ ከ4 ኦቨር በላይ አይሰጠውም። መሬቱ ለመቺ የተመቻቸ ነው። በ2024 ባንጋሎር ላይ በአንድ ምሽት ሁለት ቡድኖች ተደምረው 549 ሩጫ ሰበሰቡ። ተመልካቹ አበደ። ወርዋሪዎቹ እዚያ ምን ነበሩ? ለሰርግ የታረደ በሬ። ሰው የሚያወራው ስለ ጥብሱ ነው።

ፈጣን ሲያስፈልግስ? ይገዛል። በዲሴምበር 2023 ጨረታ ሚቸል ስታርክ በ24.75 ክሮር፣ ፓት ኩሚንስ በ20.5 ክሮር ተሸጡ። ሁለቱም አውስትራሊያውያን፣ ሁለቱም ፈጣኖች ናቸው። የኩሚንስን ታሪክ ጠጋ ብላችሁ እዩት። በ2011 ገና በ18 ዓመቱ ለአውስትራሊያ ተሰልፎ በአንድ ቴስት 7 ዊኬት ወሰደ። ከዚያ በጉዳት ላይ ጉዳት ተደራረበበት። ሁለተኛ ቴስቱን የተጫወተው በ2017 ነው፣ ያውም ሕንድ ውስጥ ራንቺ ላይ። ከአምስት ዓመት በላይ ጠበቁት! አጥንቱ እስኪጠነክር ጠበቁት። ያ የተጠበቀ ልጅ አምበል ሆኖ በኖቬምበር 2023 አሕመዳባድ ላይ፣ በሕንድ ሕዝብ ፊት፣ የዓለም ዋንጫውን ከሕንድ እጅ ወሰደ። በወሩ ሕንዶች በ20.5 ክሮር ገዙት። ሌላው ያሳደገውን በወርቅ ይገዛሉ፤ የራሳቸውን ግን አይጠብቁም።

የራሳቸውማ ነበራቸው። ኡምራን ማሊክ በ2022 157 ኪሎ ሜትር ወረወረ፤ አገሩ በሙሉ ስሙን ጠራ። በ2023 አጋማሽ ከብሔራዊ ቡድኑ ወጣ። በ2024 ማያንክ ያዳቭ በ21 ዓመቱ 156.7 ወረወረ። ወዲያው ተጎዳ። በዚያው ዓመት ለሕንድ አሰለፉት፤ እንደገና ተጎዳ። በ2025 አይ.ፒ.ኤል. ተመልሶ ሁለት ጨዋታ ተጫወተና ጀርባው ከለከለው። ክለቡ በ11 ክሮር ነው ያስቀረው። «በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የምንለው ለበሬው ነው። እረኛውንስ ማን ይጠይቀው?

ምንም አልተሠራም አልልም። ቼናይ ላይ በ1987 በዴኒስ ሊሊ መሪነት የፈጣኖች ማሠልጠኛ ተከፍቷል። አንድ የቦምቤ ብላቴና ፈጣን ልሁን ብሎ ቢሄድ ሊሊ ወደ ዱላህ ተመለስ አለው፤ ሳቺን ቴንዱልካር ይባላል። ምክሩ ትክክል ነበር። የክሪኬት ቦርዱም በ2024 ለአምስት ወጣት ፈጣኖች የተለየ ውል ሰጥቷል። አምስት! ከዚያ ሁሉ ሕዝብና ከዚያ ሁሉ ክሮር ውስጥ አምስት።

የምለው ብዙ አይደለም። የአገር ውስጥ ሜዳዎች ላይ ሣር ይተውላቸው። ከ17 እስከ 22 ዓመት ያሉት ልጆች የሚወረውሩት ኳስ ይቆጠር፤ ቆጣሪውም ከክለብ ነጋዴ ደሞዝ የማይበላ ሐኪም ይሁን። የተጎዳው ልጅ ሳይጫወት ሦስትና አራት ዓመት የሚኖርበት ደሞዝ ይቆረጥለት፤ የባጃጅ ነጂ ልጅ ቤት ቁጭ ብሎ አጥንት የሚያጠነክርበት አቅም የለውም፤ ቸኩሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው። አስመራጮቹም «ትንሽ መምታት ይችላል» እያሉ ደካማ ወርዋሪ መምረጡን ይተውት። በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ሻሚን አራት ጨዋታ ያስቀመጡት በዚሁ ሰበብ ነው። ሲያስገቡት በ7 ጨዋታ 24 ዊኬት ወስዶ ከሁሉም በለጠ። በቀጣዩ ዓመት ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት እስከ 2025 መጀመሪያ ለአገሩ አልተሰለፈም።

ይህን ሁሉ ለማድረግ የጎደለ ገንዘብ የለም። ቦርዱ ከዓለም የክሪኬት ማኅበራት ሁሉ ሀብታሙ ነው። እስኪያደርገው ድረስ ግን «ፈጣን ወርዋሪ የለንም» ማለት አይገባውም። «ነበሩን፤ ሳይጠኑ አስሮጥናቸው» ይበል።