ያለ ደመወዝና ያለ መቀጫ መምራት



ባለፈው የተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ አንድ አሳብ ቀርቦ ነበር። ይኸውም ጎልማሶችን ማታ ማታ ለማስተማር በፈቃዳቸው ተመዝግበው ከዚያ በኋላ የሚቀሩ ተማሪዎች እንደ እድር አባል መቀጫ ይክፈሉ የሚል ነው። አሳቡን ያቀረቡት ጓደኞቻችን በቅን ልቡና እንደ ተናገሩ አልጠራጠርም። እኔም ይህን ቡድን ሁለት ዓመት የመራሁ ስለ ሆንሁ፥ የሰው መቅረት የሚያመጣውን ንዴት አሳምሬ አውቀዋለሁ። ነገር ግን አሳቡን እቃወማለሁ፤ ምክንያቴንም በግልጽ አቀርባለሁ።

አገራችን ሰውን ለሥራ በማስተባበር ረገድ ድኻ አይደለችም። ደቦ የጠራ ገበሬ ምግቡንና ጠላውን አሰናድቶ ይጠብቃል፤ ዛሬ የረዳው ጎረቤትም ነገ በተራው እንደሚረዳ ያውቃል። በእድርም ዳኛው፥ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የሚሠሩት በተጻፈ ደንብ ነው። የቀረ አባል ይቀጣል፤ የተቀጣውም ቢያጉረመርም ይከፍላል፤ ሐዘን በደረሰበት ቀን ድንኳኑ ለእርሱም እንደሚተከል ያውቃልና። የእኛ ቡድን ግን ከሁለቱም ይለያል። አንድ ተማሪ ለአንዲት እናት ፊደል ቢያስቆጥር፥ እናቲቱ ብድሩን የሚመልሱበት እርሻም ድንኳንም የላቸውም። ስለዚህ መቀጫ ብናወጣ የሚሆነው ነገር የታወቀ ነው፤ የቀረው ሰው ከፍሎ በመመለስ ፈንታ ጨርሶ ይሸሸናል። በሚመጣው ዓመትም ከነጭራሹ የሚመዘገብ አናገኝም።

ተማሪ በግዴታ ለአገልግሎት የተላከበት ጊዜ እንደ ነበረ አልዘነጋሁም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየላከ ያሠራው ነበር። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ብዙ ሺሕ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተዋል። በ1971 ዓ.ም. የተከፈተው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም እጅግ ብዙ ጎልማሶችን ከፊደል ጋር አስተዋውቋል። በዚያን ጊዜ የነበረ መሪ ግን ከኋላው ትእዛዝ ነበረው። የእኛ መሪ ከኋላው ምንም የለውም፤ ያለው የጓደኞቹ እምነት ብቻ ነው። ይህንንም እኔ የተማርሁት በስሕተቴ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት በጥቅምት 24 ተማሪዎች ተመዝግበው ነበር። ጥር ላይ የፈተናው ሰሞን ሲደርስ 7 ብቻ ቀረን። እኔም ተቈጣሁና በየማደሪያው እየዞርሁ የቀሩትን ወቀስኋቸው። ከተወቀሱት መካከል ተመልሶ የመጣ አንድም አልነበረም። እንዲያውም አንዱ ልጅ፥ የቀረው ወንድሙን ሐኪም ቤት ሲያስታምም እንደ ነበረ በኋላ ሰማሁና አፈርሁ።

ከዚህም ቀጥሎ ሌላ ስሕተት ሠራሁ። «ሰው ካልታመነ ሁሉን ራሴ እሠራዋለሁ» አልሁ። የክፍሉ ቁልፍ በኪሴ፥ መዝገቡ በቦርሳዬ፥ ጠመኔው በመሳቢያዬ ሆነ። የሚያዩኝ ሁሉ «እንዴት ያለ ትጉህ ነው!» ሲሉ ደስ ይለኝ ነበር። ደመወዝ የሌለውን መሪ እንዲህ ያለው ውዳሴ ቶሎ ያታልለዋል።

በየካቲት ታመምሁና አራት ቀን ተኛሁ፤ ቁልፉም ከእኔ ጋር ተኛ። በአምስተኛው ቀን ስመጣ እንጀራ ሸጠው የሚተዳደሩ አንዲት ተማሪያችን በሩ ላይ አገኙኝ። «ልጄ፥ እግዜር ይማርህ» አሉኝ። «አራቱንም ማታ እዚህ ቆመን ተመለስን። አስተማሪዎቹም አብረውን ቆመው ነበር። ለመሆኑ ቁልፍ ለአንድ ሰው ብቻ ነው እንዴ የሚሰጥ?» መልስ አልነበረኝም። ሊያስተምሩ የመጡ ጓደኞቼን በር ላይ ያስቆምኋቸው እኔው ነበርሁ።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ቁልፉን በሦስት አስቀረጽን። መዝገቡን አንዷ፥ ጠመኔውንና ደብተሩን ሌላው ተረከቡ። ለእያንዳንዱም አስተማሪ «ለምን ቀረህ?» ማለትን ትተን «በሳምንት የትኛውን ማታ ትችላለህ?» ብለን ጠየቅን። አንድ ማታ ብቻ የሚችለውን አንድ ማታ፥ ሁለት የሚችለውን ሁለት ሰጠነው። በሁለተኛው ዓመት የተመዘገቡት 19 ብቻ ነበሩ፤ ነገር ግን 15ቱ እስከ ሰኔ ዘለቁ። መቀጫ ያልነበረበት ይህ ዓመት ከፊተኛው የተሻለ ሆነ።

«ታዲያ መሪው ምን ያገኛል?» የሚለኝ ይኖራል። የሚያጣውን አልደብቅም፤ የንባብ ሰዓቱን ያጣል፥ አንዳንድ ወዳጅም ይቀየመዋል። የሚያገኘውን ደግሞ በአንድ ምሳሌ ልናገር። በክፍላችን ለብዙ ዘመን ደመወዛቸውን በአውራ ጣታቸው እየፈረሙ የተቀበሉ አንድ ዘበኛ ነበሩ። በሰኔ ወር ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው፥ ማለት 231ዱን፥ ጨርሰው ስማቸውን ከነአባታቸው በሰሌዳው ላይ ጻፉ። ጠመኔውን ሲመልሱም «ይህን ዛሬ አታጥፉት» አሉ። ያስተማራቸው እኔ አልነበርሁም፤ በመጀመሪያው ዓመት በሰው ፊት መናገር ታፍር የነበረች እኅታችን ናት። እኔ የሠራሁት ነገር ቢኖር ቁልፉን ለእርስዋ መስጠቴ ነው። ይህም ይበቃኛል።

ስለዚህ በመቀጫው ፈንታ የሚከተለው ቢደረግ መልካም ይመስለኛል። አንደኛ፥ ተመዝጋቢው ስሙን ብቻ ሳይሆን በእርግጥ የሚችለውን ማታ ይጻፍ፤ የማይችልም አልችልም ቢል አይናቅ። ሁለተኛ፥ በፈተና ሰሞን ክፍሉ የሚቀንስ ከሆነ ለጎልማሶቹ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ የቀን ሥራ ውለው በእግራቸው የሚመጡ ሰዎች ናቸውና። ሦስተኛ፥ ቁልፍና መዝገብ ከአንድ ሰው በላይ እጅ ይኑር። አራተኛ፥ ማንም መሪ ከሁለት ዓመት በላይ አይቈይ። መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን፤ የማታ ፈተና ሲያዝዙ ጥቂት ቀን አስቀድመው ቢነግሩን ምትክ ለመፈለግ ጊዜ እናገኛለን።

አንዳንዶች «መቀጫ ከሌለ ሰነፉ በትጉሁ ላይ ይጫወታል» ይላሉ። እውነት ነው፤ የሚጫወት አይጠፋም። ነገር ግን ለጥቂት ሰነፎች ብለን የፈቃዱን ሥራ ግዴታ ካደረግነው፥ ትጉሁም በፈቃዱ የመጣ መሆኑን ይረሳል። ያን ጊዜ የሚቀርልን መዝገብ ብቻ ነው።

ሁለት ዓመቴ ስለ ተፈጸመ እኔም በሚመጣው ቅዳሜ መሪነቱን አስረክባለሁ። ከእንግዲህ ቁልፍ በኪሴ የለም። ክፍሉ ግን እንደ ወትሮው ማታ በ12 ሰዓት ተኩል ይከፈታል፤ አንድ ማታ ያላችሁ ኑ።